ዘይት የቀደመበት ክረምት

የሚቱናም ወር ማለቂያ፣ ዋዜማ

ዛሬ ቤቱ ከጣሪያ እስከ ወለል ተጠረገ። ነገ ካርኪዳካም ይገባል። የዝናብና የእጦት ወር ነው፤ በጥላሸትና በሸረሪት ድር አንቀበለውም። እማዬ በሰማንያ አንድ ዓመቷ የተሰነጠቀውን ገንቦ እኔ ካልተሸከምኩ ብላ አስቸገረች። የዓመቱን ጥራጊ ሞልታበት «ጉድፍ ውጪ፣ ሲሳይ ግቢ» እያለች ከአጥሩ ጀርባ ልትወረውረው ስትል ከዝናቡ ውስጥ አንድ ሰው ብቅ አለ። ገንቦው ለጥቂት አናቱ ላይ ሊያርፍ ነበር።

«እኔንም ከቆሻሻው ቆጠሩኝ እንዴ፣ እማማ?» አለ።

አቹታን ማራር ነው፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ቤተ መቅደስ የከበሮ አለቃ። ከበሮ መቺዎች በየዓመቱ በካርኪዳካም በዘይት ይታሻሉ፤ የዓመቱን ልፋት የሚችሉት በዚያ ነው። ሐኪሙ አባቴ በሕይወት ሳለ እሱም እኛ ዘንድ ከመምጣት አይቀርም ነበር። አባቴ ካረፈ ወዲህ ግን ሁለት ክረምት አልመጣም። ጃንጥላውን በሁለት መዳፉ መሃል አጣብቆ ነው የያዘው እንጂ በጣቶቹ አልጨበጠውም። ያን አየሁ። ሌላ ነገር አላየሁም። ፀጉሩ ግን ሸብቷል።

ካርኪዳካም 1

ጠዋት መረመርኩት። ጣቶቹ ደርቀው ነው የሚነሱት፤ እስከ ረፋድ አይታጠፉም። እብጠቱ ዛሬ አንጓው ላይ ነው፣ ትናንት ክርኑ ላይ ነበር። ሰውነቱ እርጥብ ጆንያ የተሸከመ ያህል ይከብደዋል።

«ይርብዎታል?» አልኩት።

«እበላለሁ።»

«ይበላሉ ወይ አላልኩም። ይርብዎታል ወይ ነው።»

ትንሽ አሰበና «ከራበኝ ሰነበተ» አለ። ምላሱን አወጣ። የሩዝ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል።

የበዓሉን ሰሞን ሙሉ ከአንዱ ቤተ መቅደስ ወደ ሌላው ሲዞር፣ ከበሮውን አውርዶ የቀዘቀዘ ድግስ በልቶ ወዲያው ሲተኛ የከረመ ሰው ነው። የሆዱ እሳት ጠፍቷል። እሳት ሲጠፋ ምግብ ሳይበስል ይቀራል፤ ያ ግማሽ ጥሬ ነገር ዝልግልግ መርዝ ሆኖ መገጣጠሚያ ላይ ይቀመጣል። አማም የምንለው ይሄንኑ ነው። አማም ያለበት ሰው ዘይት አይነካም፤ ዘይት የባሰ ያጣብቀዋል። መጀመሪያ ጾም፣ የደረቀ ዝንጅብል የፈላበት ውሃ፣ በጨርቅ የተቋጠረ የጋለ አሸዋ። ምላሱ እስከ ሥሩ ሲጠራና ሰውየው በራሱ አፍ «ራበኝ» ሲል ብቻ ዘይት። ይሄን የአንደኛ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል።

ነገርኩት። «ከበሮ መቺ በካርኪዳካም ሳይታሽ? ሰው ምን ይለኛል?» አለ።

«ሰው ምላስዎን አላየም» አልኩት።

በጎን ያለውን የሕመምተኛ ክፍል ሰጠነው።

ካርኪዳካም 2

ለካ ጉዳዩ ሌላም አለው። ልጁ ፕራሞድ ባንጋሎር ነው የሚሠራው። እናቱ ከሞተች ከአራት ዓመት ወዲህ አባቱን ወደ እሱ ሊወስድ ይለምናል። ዘንድሮ ተስማምተዋል፦ የሚቀጥለው ወር፣ ቺንጋም፣ አንድ ሲል እጆቹ ካልተፍታቱ ልጁ መኪና ይዞ ይመጣል፤ ከበሮው ለቤተ መቅደሱ ተሰጥቶ ቤቱ ይዘጋል።

«ቃሌን ሰጥቻለሁ» አለኝ። «አሥራ አንደኛ ፎቅ ነው የሚኖረው። እዚህ በየንጋቱ አምላኩን በከበሮ እቀሰቅሳለሁ፤ ከዚያ ላይ ሆኜ ማንን እንደምቀሰቅስ እንጃ።»

ሠላሳ ቀን አለን። ይበቃል። ጥሩ ሐኪም አይቸኩልም።

ካርኪዳካም 4

ዝናብ። አሥራ ዘጠኝ ሕመምተኛ። ዝንጅብሉ አለቀ፣ ረዳቴን ቬሉን ገበያ ላክሁት። አሸዋው አልደርቅ አለ። አቹታን ማራር አልተኛም፤ ጣቶቹ። ምሳ አልበላሁም፣ ጊዜ አጣሁ።

ካርኪዳካም 5

ቬሉ ከገበያ ሲመለስ ወሬ ሳይዝ አይገባም። አርባ ዓመት እዚህ ቤት ሰው አሽቷል፤ የአባቴ ቀኝ እጅ ነበር። ሻይ ቤት የከበሮ ተማሪዎቹ ያሉትን ቃል በቃል አመጣልኝ።

«‹የሐኪሙ ልጅ ጋሽ አቹታንን አሸዋ እያስታቀፈች ታስርበዋለች አሉ። የአባቷ ዘይት አለቀባት እንዴ?› ይላሉ።»

«አንተስ ምን አልክ፣ ጋሽ ቬሉ?»

«እኔ ምን እላለሁ? ‹አሸዋም እኮ ከወንዝ ነው፣ በነጻ ነው› አልኳቸው።»

ሳቅሁ። እሱ ሲወጣ ግን የአባቴን የዘይት ማሰሮ ከፍቼ አየሁት። ሙሉ ነው። ለምን እንዳየሁት አላውቅም።

ካርኪዳካም 7

እማዬ በዚህ ወር ማታ ማታ ከሚነበበው ቅዱስ መጽሐፍ ቀና ብላ በመነጽሯ ላይ አየችኝ። «እሱን ማስጾምሽ ገባኝ። አንቺ የምትጾሚው ለማን ነው?» አለችኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳት። «እህ» ብላ ወደ ንባቧ ተመለሰች። ይቺ «እህ» የምትላትን ነገር አልወዳትም።

ዝናቡ ስለማያስወጣ አንድ የድሮ ነገር ልጻፍ። የዛሬ ሃያ ስምንት ዓመት የአቹታን ማራር አጎት አባቴ ዘንድ ሽማግሌ ሆኖ መጥቶ ነበር። አባቴ «ትምህርቷን ትጨርስ» አለው። ጨረስኩ። ማንም ተመልሶ አልመጣም። በዓመቱ አቹታን ሱባድራን አገባ። ደግ ሴት ነበረች፤ ወገቧን ያከምኳት እኔ ነኝ። አለቀ። ይሄ ነገር ከተፈጨ ዘመን ሆኖታል። የጻፍኩት ስለሚዘንብ ነው።

ካርኪዳካም 8

እብጠቱ ቀነሰ። የምላሱ ጫፍ ቀልቷል። ዛሬ ብርጭቆውን በአንድ እጁ ያዘ። አንድ እጁን ብቻ ተጠቅሞ ሲጠጣ ሳየው «ቀስ ይበሉ» ብዬ ወጣሁ።

ካርኪዳካም 9

ፕራሞድ ደወለ። አባቱ ስልኩን ጆሮው ላይ በመዳፉ ደግፎ «እሺ፣ እሺ» ሲል ከመድኃኒት ክፍሉ ሆኜ ሰማሁ። ፎቁ ላይ ክፍል አዘጋጅቶለታል። አልጋም ገዝቷል።

ከዚያ መጣና «ሐኪም፣ አባትዎ በዘጠነኛው ቀን ነበር ዘይት የሚያስጀምሩኝ» አለኝ። «ምላሴም ጠርቷል። ይዩት።»

አየሁት። ከፊት ጠርቷል። ወደ ሥሩ አካባቢ ትንሽ ነገር ነበር፣ ግን ሰማዩ ጨልሞ ነበር፣ መብራትም ጠፍቶ ነበር። ባትሪው መሳቢያ ውስጥ ነው። አላወጣሁትም፤ አስፈላጊ አልመሰለኝም።

«ራበዎት?» አልኩት።

«ዘይቱን ሲያሹኝ ይርበኛል» ብሎ ሳቀ።

ነገ ይጀመር አልኩ።

ካርኪዳካም 10

ቬሉ ከጣሪያው የወረደውን ገመድ ይዞ በእግሩ አሸው፤ እንደ ድሮው። ዘይቱን ያሞቅሁት እኔ ነኝ። አቹታን ከጣውላው አልጋ ሲነሳ ፊቱ የሃያ ዓመት ልጅ ይመስላል አለኝ ቬሉ። በረንዳው ላይ ሲያንጎራጉር ሰማሁት። ደስ አለኝ፤ ማለቴ ሕመምተኛዬ ስለሆነ።

ካርኪዳካም 11

ሁለተኛ ቀን። ትንሽ ከበደኝ አለ። ዝናቡ ነው አልን።

ካርኪዳካም 12

ከበደኝ ብቻ አይደለም። ጠዋት ከአልጋው መነሳት አቃተው። ሁለቱም አንጓዎች፣ ክርኑ፣ አሁን ጉልበቱም። ትኩሳት። ዘይቱን አስቆምኩ። ቬሉ ቀኑን ሙሉ አንድ ቀልድ አልተናገረም። እሱ ዝም ሲል ቤቱ ሰው የሞተበት ይመስላል።

ካርኪዳካም 13

አርባ ሕመምተኛ ቢመጣ በወደድኩ። ስድስት ብቻ መጡ፤ የማስብበት ጊዜ ተረፈኝ።

ማታ አሸዋውን ስናግል ቬሉ ቀና ሳይል ጠየቀኝ። «የኔ ሐኪም፣ ያን ቀን ምላሱን በባትሪ አይተሽው ነበር?»

«አይቼዋለሁ።»

«በባትሪ?»

«ጋሽ ቬሉ፣ አሸዋው እንዳያርር» አልኩት።

አሸዋ አያርርም።

ካርኪዳካም 14

ዛሬ አቹታን ጠርቶኝ አይኑን መሬት ላይ ጥሎ እንዲህ አለ፦ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሐኪም። አይቆጡኝ። በስምንተኛው ቀን ተማሪዬ የተጠበሰ ሙዝ አምጥቶልኝ ነበር። ሁለት በላሁ። ሳልራብ ነው የበላሁት። እርስዎ ስንት ደክመውልኝ...»

ሁለት ቁራጭ ሙዝ። ሰውን አልጋ ላይ የሚጥል ነገር አይደለም። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን «ሁለተኛ እንዳይለምድዎት» አልኩት። እንዲህ አልኩት። እሱም እንደተቀጣ ተማሪ አንገቱን ነቀነቀ።

ካርኪዳካም 15

አልጻፍም።

ካርኪዳካም 16

እጽፋለሁ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የሰው ልጅ በሁለት ቁራጭ ሙዝ ተጸጽቶ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ተኝቷል፣ ሐኪሙ ደግሞ ዝም ብላ መድኃኒት ትቀምማለች። ሕመምተኛው ሲዋሽ የደም ሥሩን ሠላሳ ምት ሳልቆጥር አውቃለሁ፤ ስንቱን ገሥጬበታለሁ። አባቴ ቢሆን ኖሮ በባትሪ ያይ ነበር። አባቴ ቢሆን አይቸኩልም ነበር። እሱ የሚያስቸኩለው ነገር አልነበረውም።

እማዬ ምሳዬን አቅርባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ሳህኑን ገፋ አደረግሁት።

«ምላስሽን አውጪ» አለችኝ።

«እማዬ፣ ሕፃን አይደለሁም።»

«አውጪ አልኩሽ። የሐኪም ሚስት ሆኜ ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው።»

አወጣሁ። የእጅ መስተዋቷን ከወገቧ አውጥታ ሰጠችኝ። ከጫፍ እስከ ሥሩ ነጭ ነው። የሱን ያህል። ከእሱም ይብሳል።

«ሆድ ይፍጀው ብለሽ ሃያ ስምንት ዓመት ያዝሽው» አለችኝ። «ሆድ ግን ሁሉን አይፈጅም፣ ልጄ። አባትሽ ይሄን አላስተማረሽም? አሁን ደግሞ በላዩ ሌላ ጨመርሽበት። ሂጂና ንገሪው።»

«ምኑን?»

«ከቀላሉ ጀምሪ። የዘይቱን ንገሪው።»

ካርኪዳካም 17

ነገርኩት።

ገና ሳይነጋ ነው የነቃሁት፤ ዝንጅብሉን ራሴ አፍልቼ ይዤለት ገባሁ። ቆሜ ነው የነገርኩት፤ ብቀመጥ የምነግረው አልመሰለኝም።

«ሙዙ አይደለም» አልኩት። «ምላስዎ ከሥሩ ነጭ ነበር። አይቼዋለሁ። ባትሪ አለኝ፤ አላወጣሁትም። ሳይጸዳ ዘይት የቀባሁዎት እኔ ነኝ። ለዚህ ያበቃሁዎት እኔ ነኝ።»

ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ እሱም እኔም አዳመጥን። እሱ የዝናብ ምት እንኳን ይቆጥራል።

«ለምን?» አለ በመጨረሻ። በቁጣ አይደለም። ማወቅ ስለፈለገ ነው።

«ቶሎ እንዲድኑ ፈልጌ።»

«ለምን ቶሎ?»

«ቺንጋም አንድ ስለሚደርስ።»

«እና ቢደርስ?»

ዝንጅብሉ ይቀዘቅዛል አልኩት። ብርጭቆውን በሁለት መዳፉ ተቀበለኝ፤ ጠጣ፤ ምሬቱ ፊቱን አኮማተረው። ከዚያ አፉን ከፍቶ ምላሱን እስከ ሥሩ አወጣልኝ።

«እንግዲህ ከሀ እንጀምር» አለ። «ባትሪውን ግን አምጪው።»

አምጪው ነው ያለኝ። ያምጡት አላለም። አምልጦት ይሆናል፤ ትኩሳት አለው።

ካርኪዳካም 18

ለፕራሞድም ደወልኩ። ሳልደባብቅ ነገርኩት። ተቆጣ፤ ይገባዋል። «ዛሬውኑ መጥቼ እወስደዋለሁ። እርስዎን አምኜ ነው አባቴን የተውኩት» አለኝ።

«ልክ ነህ» አልኩት። «እስከ ቃላችሁ ቀን ታገሠኝ። አሁን በዚህ መንገድ መኪና ውስጥ ቢንገላታ ይጎዳል። ይሄን የምልህ ለራሴ ብዬ አይደለም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ምነው ባላልኳት ኖሮ።

«እስከ ቺንጋም አንድ» አለ።

ዛሬ ምሳዬን ግማሽ በላሁ።

ካርኪዳካም 20

የጉሎ ዘይት በዝንጅብል ውሃ፣ ሆዱን ለማጠብ፤ ይሄ የሚጠጣ እንጂ የሚታሽ አይደለም። አሸዋ ጠዋትና ማታ። ምግብ የለም፤ ማሾ የተቀቀለበት ውሃ ብቻ፣ ከሙን ጣል የተደረገበት። ትኩሳቱ ለቀቀ። ባትሪ በየቀኑ።

ካርኪዳካም 22

የጉልበቱ እብጠት ጎደለ። ቬሉ ቀልድ ጀመረ። «ጋሽ አቹታን፣ ምላስዎን በባትሪ ያየ ሰው ሁሉ እኮ ሚስት ነው የሚሆነው፤ እኔም አንዴ አይቼዋለሁና ይጠንቀቁ» አለው። አቹታን እስኪያስለው ሳቀ። እኔ ማሰሮ እያጠብኩ ነበር፤ አልሰማሁም።

ካርኪዳካም 25

የሻይ ቤቱ ወሬ ተገልብጧል። ቬሉ እንዳመጣው፦ «ሐኪሟ ራሷ ‹አጥፍቻለሁ› አለች አሉ። ሐኪም እንዲህ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?» ይባባላሉ። ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ወገብና ጉልበቱን ሊያሳየኝ ተሰልፎ መጥቷል። ዛሬ ሃያ ሦስት ሰው። ለሁሉም ባትሪ።

ካርኪዳካም 27

ምላሱ ሁለት ሦስተኛው ጠራ። ጣቶቹ ከጠዋቱ ይታጠፋሉ፣ ከትንሿ በስተቀር። ራበዎት አልኩት። አልራበኝም አለ። በፊት ቢሆን ደስ እንዲለኝ ብሎ ይዋሽ ነበር። አሁን አይዋሸኝም።

አራት ቀን ቀረ። አልቸኩልም። አልቸኩልም ብዬ ሦስት ጊዜ ለራሴ ነገርኩት።

ካርኪዳካም 29

መድኃኒት ክፍል ሆኜ ሥር ስወቅጥ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ጣቅ። ቆመ። ጣቅ፣ ጣቅ። ዘነዘናዬን አስቀምጬ ወጣሁ። አቹታን ጓሮ ካለው የድንጋይ ወለል ፊት ተቀምጧል። ልጆቹ ከበሮ ሳይነኩ በፊት ድንጋይ የሚደበድቡበት የሁመር እንጨት በእጁ ነው። እጁ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ቀስ ብሎ ይወድቃል። ምቱ ያነክሳል። ጀማሪ ልጅ ከዚህ ይሻላል።

ሲያየኝ እንጨቱን ሊደብቀው ሞከረ።

«ቀጥል» አልኩት።

ቀጥል ነው ያልኩት። ለካ ያመልጣል።

ካርኪዳካም 31

ነገ ነው። ምላሱ እስከ ሥሩ ጠራ። በባትሪም፣ በፀሐይም አየሁት፤ ፀሐይ ወጥታለችና። ግን ገና አልራበውም፤ ትንሿ ጣቱም አልታጠፈችም። ልጁ «ተፍታተዋል ወይ?» ሲል የምለውን እውነት አዘጋጅቻለሁ፦ ሁሉም ጣቶች አልተፍታቱም።

ልብሱን አጥፎ ቦርሳው ላይ አስቀመጠ። ቃል ቃል ነው አለ። እኔም ቃል ቃል ነው አልኩ። ግን እዚህ ደብተር ላይ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ፦ እንዳይሄድ እፈልጋለሁ። ለእጁ ብዬ አይደለም።

ቺንጋም 1

ፕራሞድ በጠዋት ደረሰ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ከተቆጣኝ በኋላም ዝቅ ብሎ ሰላም አለኝ። አባቱን በረንዳው ላይ አስቀምጦ «አባዬ፣ ጨብጥ» አለው።

አቹታን ጨበጠ። ቀኝ እጁ ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። ግራውም ተዘጋ፤ ትንሿ ጣት ግን እንደ ግትር ፍየል ቀጥ ብላ ቀረች።

ሁላችንም ያቺን ጣት አየናት። የሚደበቅ ነገር የለም፣ እዚያው ቆማለች።

«ቃላችን እጆችህ ከተፍታቱ ነበር» አለ ፕራሞድ ቀስ ብሎ።

አቹታን ጣቲቱን ትኩር ብሎ አያት። «ልክ ነህ፣ ልጄ። ይቺ ቃሏን አልጠበቀችም። እንግዲያው እሷን ባንጋሎር ውሰዳት። ዘጠኙ እዚህ ይቀራሉ።»

ቬሉ መጀመሪያ ሳቀ። ፕራሞድ ላለመሳቅ ብዙ ታገለ፤ ተሸነፈ። ከዚያ አይኑን ጠረገና «አልጋ ገዝቼልህ ነበር እኮ» አለ። አባቱ ትከሻውን ያዘው፤ በዘጠኝ ጣቱ ያዘው። «ለበዓል እመጣለሁ፣ እተኛበታለሁ» አለው።

እኔ ወደ ውስጥ ልገባ ዞርኩ።

«ሚናክሺ» አለኝ።

ከእማዬ በቀር በስሜ የሚጠራኝ የለም። ከሞቱት በቀር ማለቴ ነው። ቆምኩ።

«ያኔ አጎቴን የላክሁት እኔ ነበርኩ። እሱ በራሱ የመጣ መስሎሽ እንደሆነ ብዬ ነው። አባትሽ ‹ትጨርስ› ሲሉት እምቢ ማለታቸው ነው ብሎ ነገረኝ፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅሁም። ያ ነው የኔ ጥፋት፤ ሙዙ አይደለም። አሁን አጎቴ ሞቷል። የምልከው ሰው የለኝም።»

ፕራሞድ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ክር የሌለው ጫማ ነው ያደረገው።

እማዬ ከወጥ ቤት ድምፅዋን አሰማች። «የሚልከው ካጣ ራሱ መጥቷል አይደለም እንዴ? በረንዳዬ ላይ ወር ሙሉ ተቀምጦ! አሁን የሽማግሌውን ነገር አቆዩትና ይሄ ልጅ ከመንገድ ነው የመጣው፣ ሩዙ ይቀዘቅዛል።»

አቹታን ወደ ወጥ ቤቱ አየ፤ አየሩን አሸተተ። ፊቱ ላይ የገረመው ሰው መልክ መጣበት።

«ራበኝ» አለ።

አጥሚት ብቻ ነው የምሰጥህ፣ ዝንጅብል ያለበት፣ ግማሽ ሳህን፣ አልኩት። ሐኪም ሐኪም ነው። «እሺ» አለ። «ነገስ?» አለ። ነገም ግማሽ ሳህን አልኩት። «ከነገ ወዲያስ?» አለ። እሱን እዚሁ ሆነህ ታየዋለህ አልኩት።

ከዚያ እኔ ተቀመጥኩ። ሩዝ፣ ወጥ፣ አሬራ፣ በጨው የተቀመጠ ማንጎ። እማዬ ምንም ሳትናገር ጨመረችልኝ፤ እንደገና ጨመረችልኝ። አይኔን ሳላነሳ በላሁ።

ርቦኝ ነበር።